ከአጥራችን ሥር የሚያድረው ማን ነው?

(ሐዋሳ ውስጥ ለአዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለግቢ ጥበቃ ሠራተኞች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ማታ ከፒያሳ ስትመለሱ፣ ወይም ለፎቶ ኮፒ ብቅ ስትሉ፣ ከግቢው አጥር ሥር ካርቶን አንጥፎ የተኛ ሰው ያየ እጁን ያውጣ። ሁላችሁም ማለት ይቻላል። እሺ፣ አውርዱ። አሁን ደግሞ ከእነዚያ ሰዎች የአንዱን ስም እንኳ የሚያውቅ እጁን ያውጣ።

አንድ። እዚያ ጋ ሁለት። ከኋላ ደግሞ ጋሼ፣ ከጥበቃ። ጋሼ፣ የስንቱን ስም ያውቃሉ? «የአሥራ አንዱን» አሉ፤ ሰማችሁ? ስለዚህ ግቢ ዙሪያ ከሁላችንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በኋላ እመለስበታለሁ።

እኔን የጠሩኝ ስለ ደኅንነት እንዳወራ ነው። አዲስ ተማሪዎች ማታ መውጣት ይፈራሉ። ወላጆች ይደውላሉ። «በግቢው ዙሪያ የጎዳና ልጆች በዝተዋል» ይባላል። ፍርሃታችሁን አልንቀውም። መናኸሪያ ድረስ ሸኝታ፣ ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ሰጥታ፣ «የማታውቂውን ሰው እንዳታምኚ» ያለች እናት ምክንያት አላት። ግን በዚህ ከተማ ከጎዳና ሰዎች ጋር ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እናንተ ማታ የምትፈሩትን ነገር ከአጥሩ ሥር የተኛው ልጅም ይፈራዋል። ጨለማውን ይፈራል። ሰው የማያልፍበትን መንገድ ይፈራል። የማያውቀውን ሰው ይፈራል። እናንተ ከሦስት ሰዓት በኋላ በር ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። እሱ የሚዘጋው በር የለውም።

አንድ የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

ተማሪ ነበርኩ፣ ሁለተኛ ዓመት። የትኛው ግቢ እንደሆነ ይቅር። ኖን ካፌ፣ ማለትም የግቢውን ምግብ የማልበላ፣ ስለነበርኩ ከውጭ ራቴን በልቼ፣ ሃንድአውት ኮፒ አስደርጌ ስመለስ አንድ ሰዓት ገደማ ሆኗል። መብራት ጠፍቷል። ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከእናቴ ጋር አወራለሁ። በድንገት የሆነ ሰው ከኋላዬ ቦርሳዬን መነተፈኝ። ዞር ስል ዓይኔ ያረፈው ማዳበሪያ የለበሰ ልጅ ላይ ነው። ቢበዛ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ጣቴን ቀሰርኩበት። «ሌባ! ሌባ! ያዙልኝ!» አልኩ።

ያዙት። ሰዉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ባንድ አፍታ ስድስት ሰባት ሆኑ። በጥፊም በእርግጫም አሉት። ልጁ «እኔ አይደለሁም እኮ፣ እኔ አይደለሁም እኮ» ይላል። እኔ ቆሜ አያለሁ። «ተዉት» አላልኩም።

ያስጣለችው ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴትዮ ናት። «ልጁ ከተኛበት አሁን ነው የተነሳው! ቦርሳውን የወሰዱት በሞተር ሄደዋል!» ብላ ጮኸች። ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ መብራት ሳያበሩ። የሞተሩን ድምፅ እኔም ሰምቼዋለሁ። እየሰማሁት ነው ጣቴን ወደ ልጁ የቀሰርኩት።

ቦርሳው በማግስቱ ባዶውን ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። ልጁ ግን ከዚያ ማታ በኋላ ወደዚያ ቦታ አልተመለሰም። ወር ሙሉ ፈለግኩት። ስሙን አላውቅም። ልጆቹን «ማዳበሪያ የሚለብሰውን ልጅ አይታችሁታል?» ስላቸው «የቱን?» ይሉኛል። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ስንፈራ ዓይናችን የሚሄደው ልብሱ ወደ ቆሸሸው ሰው ነው። ሌባው ግን ጃኬት ለብሶ በሞተር ሲያልፍ አላየሁትም። ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የደቦ ፍርድ ያየ ሰው እንዳለ እገምታለሁ። እባካችሁ፣ ሌባ ተይዞ እንኳ ቢሆን መምታት አትጀምሩ፣ ሲመቱም ቆማችሁ አትዩ። ይያዝ፣ ለፖሊስ ይሰጥ። አንዴ ድብደባ ከተጀመረ ማቆም በጣም ይከብዳል።

ከዚያ ወዲህ ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ማታ ማታ እንዞራለን። ትኩስ ሻይና ዳቦ እንይዛለን። አስቀድመን ስም እንጠይቃለን። «የጎዳና ተዳዳሪ» የሚለው ቃል በጣም የተለያየ ሰው ባንድ ጆንያ ውስጥ እንደሚከት ያወቅኩት ያኔ ነው።

የሊስትሮ ሳጥኑን ትራስ አድርጎ የተኛ ልጅ አለ። ከገጠር ሲመጣ ሲዳምኛ ብቻ፣ ወይም ወላይትኛ ብቻ ነበር የሚያወራው። አማርኛን የተማረው ከአስፋልቱ ነው። መጀመሪያ የለመዳት ቃል «ልጥረግልህ» የምትለዋ ናት። ይህ ልጅ እቁብ አለው። አምስት ስድስት ሆነው በየቀኑ ይጥላሉ። ደጅ የሚተኛው የአልጋውን ብር ለማትረፍ ነው። ለበዓል አገሩ ሲገባ ለእናቱ ነጠላ፣ ለታናሹ ደብተር ይገዛል። በቁጠባ ከብዙዎቻችን ይበልጣል።

ሃይላንድ የሚለቅሙም አሉ። ባዶ የውሃ ጠርሙስ ሰብስበው በኪሎ ይሸጣሉ። ለእነሱ ቆሻሻ መጣያችሁ የሥራ ቦታቸው ነው።

ከሆስፒታል አካባቢ ደግሞ አስታማሚዎች አሉ። እነዚህን ሰው ልብ አይላቸውም። በሽተኛ ይዞ ከሩቅ ወረዳ የመጣ አባት፣ ብሩ መድኃኒትና ምርመራ ላይ አልቆበት፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከግንብ ሥር ያድራል። ይህ ሰው ቤት አለው። ምናልባትም በሬ አለው። ልጁ ከዎርድ እስኪወጣ ግን የእሱም መኝታ አስፋልት ነው። ከእናንተ የጤና ተማሪዎች አሉ አይደል? ጠዋት «የበሽተኛው ቤተሰብ» ብላችሁ የምትጠሩት ሰው ሌሊቱን የት እንዳደረ አንድ ቀን ጠይቁት።

ወጣት ሴቶች አሉ። ደላላ «ሥራ አለ» ብሎ ያመጣቸው፣ ወይም ራሳቸው ሰምተው የመጡ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ያህል ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ከየገጠሩ ብዙ ልጆች ለዚያ ተስፋ መጡ። ደመወዙ ትንሽ ሆነ፣ የቤት ኪራዩ ደግሞ ጨመረ። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራዩ። ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ገበያ ስትወጣ ሥራቸውን ያጡ ነበሩ። ሥራዋን ያጣች ሁሉ አገሯ አልገባችም። ባዶ እጅን ከእናት ፊት መቆም ያሳፍራል። «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ በስልክ የምታወራ፣ ማታ ግን ማደሪያ የሌላት ልጅ አውቃለሁ።

በሽታው አእምሮው ላይ የሆነ ሰው አለ። ጨቅላ ያቀፈች እናት አለች፣ ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ። ሁሉንም ዘርዝሬ አልጨርስም።

ለምን ከግቢ አጥር ሥር? እሱንም ጠይቄያለሁ። መልሳቸው ይመሳሰላል። መብራት አለ። ዘበኛ አለ። እስከ ሦስት፣ አራት ሰዓት ሰው ይመላለሳል። ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ትራፊ ይገኛል። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ የሄዳችሁ፣ የጎዳና ልጆች አባ ኮዳ ከሚባለው ትልቅ ወፍ ጋር የዓሣ ትራፊ ሲሻሙ አይታችሁ ይሆናል። ማታ ግን የሐይቁን ነፋስ ሸሽተው ወደ ከተማው ግንብ ይጠጋሉ። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀን ትሞቃለች፣ ሊነጋ ሲል ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ሰፊ የወንድ ጃኬት የምትለብስ ልጅ ነበረች። ማንም ሴት መሆኗን እንዳያውቅባት ነው። «ለምን እዚህ ትተኛለሽ?» ስላት «ዘበኛው ያየኛል» አለችኝ። ምክንያቷ ይህ ብቻ ነበር።

እንግዲህ እናንተ እሷን ፈርታችሁ መንገድ ትሻገራላችሁ፣ እሷ ደግሞ እናንተ ስላላችሁ ነው እዚያ የመጣችው። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ቤት ካለው ሰው ይልቅ ለጥቃት የተጋለጠ መሆኑን ያሳያሉ። እኔም ማታ ማታ የማየው ይህንኑ ነው። የሚደበደቡት፣ የሚዘረፉት፣ የሚደፈሩት እነሱ ናቸው። የሚከሰስላቸው ግን የለም።

ልዋሻችሁ ደግሞ አልፈልግም። ጎዳና ላይ የሚነጥቅ የለም አልልም። አለ። ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይልካሉ። ትንሹ ባዶ እጁን ከተመለሰ ይመታል። ስለዚህ መጠንቀቅ አለባችሁ። ብቻ የምትጠነቀቁት ከቦታውና ከሰዓቱ ይሁን፤ የሰው ልብስ ምንም አይነግራችሁም።

እንዴት? ጥቂት ነገር ልበላችሁ።

መብራት በሚጠፋበት ማታ፣ የፈተና ሰሞን፣ ሴሚስተር ሲከፈትና አዲስ ተማሪ አዲስ ስልክ ይዞ ሲገባ፣ ነጣቂም ያንኑ ያውቃል። በእግር ስትሄዱ መኪናው ፊት ለፊታችሁ በሚመጣበት ጎን ሂዱ፤ ሞተር ከኋላ እንዳይመጣባችሁ። ቦርሳችሁን ከአስፋልቱ በተቃራኒ ትከሻ ላይ አድርጉ። ስልክ ማውራት ካለባችሁ ሱቅ በር ላይ ቆማችሁ አውሩ። እኔ ያኔ ያላደረግኩት ይህን ነው።

ዛሬ ማታ ዶርም ስትገቡ ስልካችሁ ላይ *#06# ንኩ። የሚመጣውን ረጅም ቁጥር ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ ስልኩ ውስጥ ብቻ አታስቀምጡት። ስልክ ሲጠፋ ለፖሊስ የምትሰጡት ቁጥር እሱ ነው። ከተነጠቃችሁ ደግሞ መጀመሪያ በጓደኛ ስልክ 994 ደውላችሁ ሲሙን አስዘጉ። ቴሌብራችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው። ነጣቂውን ተከትላችሁ ጨለማ ውስጥ አትግቡ። ስልክ ይተካል።

ማታ ባጃጅ ስትይዙ የጎን ቁጥሩን ወይም ታርጋውን ለዶርም ጓደኛችሁ ላኩ። ሾፌሩ እያየ ላኩ። አብዛኞቹ የባጃጅ ልጆች አይከፋቸውም፣ እነሱም እህት አላቸው። የአካባቢውን ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ከአሁኑ መዝግቡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ለሴት ተማሪዎች አንድ ከበድ ያለ ነገር መናገር አለብኝ። ወንዶችም ስሙ። ፆታዊ ጥቃት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማይታወቅ የጎዳና ሰው አይደለም። ከሚታወቅ ሰው ነው። ከጓደኛ፣ ከክፍል ልጅ፣ «ላስጠናሽ» ካለ፣ «ላድርስሽ» ካለ ሰው። ይህን ባልነግራችሁ ጨለማውን ብቻ እያያችሁ ትቀራላችሁ። ጥቃት የደረሰባት ልጅ ካለች፣ እሷም ሆነች ጓደኞቿ የሚያስታውሱት ቁጥር 72 ይሁን። በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ከተደረሰ ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣል። ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፣ ስለዚህ «ነገ» አትበሉ። እርግዝናን የሚከላከለውም እንደዚሁ ቶሎ ይሻላል። ከተቻለ ሳትታጠቡ ሂዱ፣ ልብሱንም አትጠቡት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት። ከሁሉ በፊት ግን እመኗት። «ለምን ሄድሽ?» የሚለው ጥያቄ ልጅቷን ሁለተኛ ይጎዳታል። ፀጉሯን የተቆረጠችው የጎዳና ልጅም ብትሆን መብቱ የእሷም ነው፣ መድኃኒቱም አንድ ነው። ብቻዋን ሆስፒታል ስትሄድ ግን በር ላይ ልትመለስ ትችላለች። አብሯት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋታል።

ስለ ማስቲሽ፣ ልጆቹ ስለሚያሸቱት ሙጫ፣ ደግሞ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ልጆቹ ማስቲሽ የሚስቡት ረሃቡንና ብርዱን ስለሚያስረሳቸው ነው። አንድ ልጅ «ዳቦ ጠዋት ያልቃል፣ ይሄ ሌሊቱን ያሳልፋል» ብሎኛል። ውስጡ ያለው ኬሚካል አእምሮን ይጎዳል፣ ልብንም ያዛባል። ይህን ልብ በሉ፦ ማስቲሽ የሳበ ልጅ በድንገት ሲደነግጥ ወይም ሲሮጥ የልብ ምቱ ሊዛባና ሊወድቅ ይችላል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ አታባርሩት፣ አትጩኹበት። ጋሼ፣ ይህን በተለይ ለእናንተ ለጥበቃዎች ነው የምለው፣ በደግ ልብ እንደምትሠሩ አውቃለሁ። ማስነሳት ካለባችሁ ቀስ ብላችሁ፣ በስሙ ጠርታችሁ አስነሱት። የአሥራ አንዱን ስም ማወቅዎ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመልሳችሁ። በዚህ አገር ተማሪና ልመና የቆየ ትውውቅ አላቸው። የቆሎ ተማሪን አስቡት። ለዜማ፣ ለቅኔ፣ ለመጽሐፍ ብሎ ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማር ነበር። ዱላ የሚይዘው ለውሻ ነው። በወሎና በሌላውም አካባቢ ደረሳው፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ ከመስጊድ አካባቢ አድሮ፣ ሰፈሩ እያበላው ይቀራ ነበር። አያቶቻችን እነዚህን ልጆች ደጃቸው ላይ ሲያዩ በር አልዘጉም። ምክንያቱም ያውቋቸዋል። የየትኛው የኔታ ተማሪ እንደሆነ፣ የትኛው ሼህ ዘንድ እንደሚቀራ፣ ማታ የት እንደሚያድር ይታወቃል። ያላቸው ሀብት ያ መታወቅ ብቻ ነበር።

ለማኝን በአማርኛ ምን እንላለን? «የኔ ቢጤ»። የእኔ ዓይነት፣ እኔን የሚመስል ማለት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስለው ኖሬ ትርጉሙን ያሰብኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ያ ማዳበሪያ የለበሰው ልጅ የኔ ቢጤ ነበር። ከቤተሰቡ ርቆ፣ የሰው ከተማ ውስጥ፣ ማታ ብቻውን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

«ብር ልስጥ ወይስ አልስጥ?» የሚለውን ሁሌ እጠየቃለሁ። የማደርገውን ልንገራችሁ፣ ከዚያ እናንተ ወስኑ። ለትልቅ ሰው፣ ልጅ ላቀፈች እናት ብር እሰጣለሁ። ዱቄት ይሁን ሳሙና፣ የሚያስፈልጋትን ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ለትንሽ ልጅ ማታ ብር አልሰጥም። ትልልቆቹ ይቀሙታል፣ ሲቀሙትም ይመቱታል። የሚበላ ነገር እሰጠውና አጠገቤ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ። ማስቲካና ሶፍት የሚሸጥ ሕፃን ካየሁ ቀን እገዛዋለሁ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ አልገዛውም። ማታ የሚገዛ ካለ፣ የሚልከው ሰው ሌሊት ድረስ ያቆመዋል። በዚህ የማይስማሙ ጓደኞች አሉኝ። «ሳይሸጥ ቢገባ ይመታል» ይሉኛል። እነሱም እውነት አላቸው። ስለዚህ ለልጁ «ነገ ቀን ና፣ እገዛሃለሁ» እለዋለሁ፣ ቃሌንም እጠብቃለሁ።

ትራፊን በሚመለከት። ልጆቹ የሆቴል ትራፊ «ቡሌ» ይሉታል። በፌስታል ተቀላቅሎ፣ አንዳንዴም ተሽጦ ነው የሚደርሳቸው። ወጡ፣ ሶፍቱ፣ የዓሣው አጥንት አንድ ላይ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ፣ እናንተ ያኔ ልጆች ነበራችሁ፣ ግቢዎቹ ባዶ ሆኑ። በሳምንቱ የአጥሩ ዙሪያ ልጆች የሚበሉት አጡ። ያኔ ነው አጥሩ ውስጥ ያለው ድስት ውጭም ስንቱን ይመግብ እንደነበር የገባኝ። ክበብ ያላችሁ፣ በጎ አድራጎት ላይ ያላችሁ፣ ይህን ያዙት። ያልተነካው ምግብ ከሰው ሳህን ከተመለሰው ተለይቶ፣ ሳይበላሽ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ በር ይውጣ። ምግብ በሰዓቱ ሲመጣ ግፊያ የለም። ግፊያ ከሌለ ጠብ የለም። እናንተ በዚያ በር ስትወጡም አትፈሩም።

ፎቶ አታንሱ። ዳቦ ሰጥቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ፣ እናቱ «ሥራ ላይ ነው» ብላ የምታስበውን ልጅ ማጋለጥ ነው።

የመንግሥትን ነገር ሳልነካ አላልፍም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ይላል። በ2009 ዓ.ም. የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳም አንዷ ነበረች። ብዙ ቤተሰብ ጠቅሟል። ግን እንዲህ ዓይነት ድጋፍ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚያገኘው በቀበሌው፣ በመታወቂያው፣ በጎረቤቱ ምስክርነት ነው። ጎረቤት የሌለው ሰው ማን ይመስክርለት? የሕግና የሶሺዮሎጂ ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ብዙ ሥራ አላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ።

አፈሳን ግን እቃወማለሁ። ትልቅ ስብሰባ ወይም በዓል ሲቃረብ በከተሞቻችን የተለመደ ነገር ነው። ሌሊት መጥቶ፣ በመኪና ጭኖ፣ ከከተማ ራቅ አድርጎ ማውረድ። በሳምንቱ በእግራቸው ይመለሳሉ። ሲመለሱ ግን የሊስትሮ ሳጥኑ የለም፣ ብርድ ልብሱ የለም፣ እቁቡም ፈርሷል። ትናንት ሠርቶ ያደረ ልጅ ዛሬ ይለምናል፣ ወይም ከትልልቆቹ ሥር ይገባል። ጋሼ ያወቋቸው አሥራ አንድ ልጆች ይበተኑና በቦታቸው የማያውቋቸው አሥራ አንድ ይመጣሉ። የትኛው ማታ ነው ለእናንተ የሚሻለው? ልጆቹ ለሚታወቁበት ማታ ነው የምከራከረው።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ። ጥያቄ ያለው ነገ ይጠይቀኝ፣ እየሄድን እንነጋገር። ነገ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከዋናው በር እንነሳለን። ጋሼ ይመሩናል፣ ፈቅደውልኛል። አጥሩን ሙሉ እንዞራለን። የማይበራ አምፖል ያለበትን ምሰሶ ሁሉ፣ ክዳን የሌለውን ቦይ ሁሉ በወረቀት እንመዘግባለን፣ ለሚመለከተው ክፍል በደብዳቤ እናስገባለን። እየዞርን የምናገኛቸውን ሰዎች ሰላም እንላለን። ቀድማችሁ የራሳችሁን ስም ንገሯቸው፣ ከዚያ የእነሱን ጠይቁ። መናገር ያልፈለገውን ተዉት። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ጃኬት ልበሱ፣ ማታ ከሐይቁ በኩል ይነፍሳል።